ምጣዳችንን የሚሠሩልን እናቶች



በየቤታችን ጓዳ ውስጥ ብዙ ነገር ተለውጧል። እንስራው በጀሪካን፣ ጋኑ በበርሜል፣ የሸክላው ድስት በብረት ድስት ተተክቷል። ማብሰያውም ከእንጨት ወደ ከሰል፣ ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ተሸጋግሯል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ ዕቃ ከቦታው አልተነቃነቀም። እርሱም ምጣዱ ነው። ዛሬ በከተማ የምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ቆርቆሮውና ሽቦው ቢወጣለት የሚቀረው በእሳት የበሰለ ሸክላ ነው። ጠዋት የልጆቿን ምሳ ዕቃ ሞልታ ወደ ሥራዋ የምትሮጥ እናት ሁሉ፣ ብታስበውም ባታስበውም፣ የሸክላ ሥራ ተጠቃሚ ናት።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ሸክላን ለዘመናት በእጃቸው ሲያበጁ ስለኖሩት ሴቶችና ስለ ቤተሰቦቻቸው ነው። እንዴት ይኖራሉ? ኑሯቸውስ ወዴት እየሄደ ነው? እኛ ከተሜዎቹ ከዚህ ነገር ውስጥ ምን ድርሻ አለን? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ ወረታ በሚወስደው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» እያለ በሚጠራው ጎዳና የተጓዘ ሰው ኮንን ያውቃታል። ኮን በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢዋ በቀድሞው አስተዳደር ዋድላ ደላንታ ይባል በነበረው አውራጃ ውስጥ ነበር። አገሩ ብርዳማ ደጋ ነው፤ ገበሬው በበልግና በመኸር ዝናብ ላይ ተማምኖ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚያበቅልበት፣ በግ የሚያረባበት ነው። ዋድላ በቅኔ ትምህርት ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር አብራ የምትጠራ የሊቃውንት አገር ናት። ከኮን ብዙም ሳይርቅ በላስታ ደግሞ አሥራ አንዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እነዚህ ሕንፃዎች በመዶሻና በመሮ፣ በባለ እጆች ጥበብ ከዓለት የተፈለፈሉ ናቸው።

እንግዲህ በእጅ ሥራ ሊኮራ የሚገባው አገር ቢኖር ይህ አገር ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም። እንደ ሌላው የሰሜኑ ደጋ ሁሉ በዚህም አካባቢ ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ቆዳ የሚፍቁና ሸማ የሚሠሩ ቤተሰቦች ከሥራቸው ጋር ስድብ ሲወርሱ ኖረዋል። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ ሊያርስ አይችልም። የገበሬው ሚስትም ያለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ልትጋግር አትችልም። ሆኖም ሠሪዎቹ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ» እየተባሉ ከጋብቻ ተገልለዋል፤ በብዙ ቦታም ከጉርብትና፣ ከማኅበርና አብሮ ከመብላት ርቀዋል። «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ ጠቢብ ከሚለው ቃል ጋር የሚዛመድ ነው። የቀሚሳችንን ጠርዝ «ጥበብ» ብለን የምናጌጥበት ሰዎች ቃሉን ለሠሪው ሲሆን ወደ ስድብ መለወጣችን የሚያሳዝን ነው።

የመገለሉ ሥር ግን በስድብ ላይ ብቻ የቆመ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሥሩ የመሬት ጉዳይ አለ። በቀድሞው የርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው ከአቅኚ አባት በሚቆጠር የዘር ሐረግ ነበር። ባለ እጆቹ ከርስተኛው ጋር ስለማይጋቡ የዘር ሐረጉ ውስጥ መግባት አይችሉም፤ ሐረጉ ውስጥ ስለሌሉም መሬት አይደርሳቸውም። መሬት ስለሌላቸው ደግሞ የሚኖሩት በእጅ ሥራቸው ብቻ ነው፤ በእጅ ሥራ በመኖራቸውም ይናቃሉ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ እንዲህ ያለ ክብ ሠራ። ከዚህ ክብ በጉልበት ብቻ መውጣት እንደማይቻል ማንም ይረዳዋል።

ይህን ነገር ለማረም የተደረገ ሙከራ የለም ማለት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ማዋረድ አገርን ባለ ሙያ እንደሚያሳጣ የሚገሥጽ ነበር። ይሁን እንጂ ስድብ በአዋጅ ብቻ የሚጠፋ አልሆነም። ትልቁ ለውጥ የመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ነው። አዋጁ በገዛ ጉልበቱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ የፆታ ልዩነት ሳይደረግ፣ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። በዘር ሐረግ ምክንያት ከርስት ውጭ የነበሩ የባለ እጅ ቤተሰቦች በሕግ ፊት የመሬት ባለ መብት የሆኑት ያኔ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ከልክሏል።

እዚህ ላይ «ታዲያ መሬት ካገኙ፣ ሕግም ከጠበቃቸው፣ ዛሬ ለምን ድሆች ሆኑ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ዘግይቶ ወደ ግብርና የገባ ቤተሰብ ማሳ ቢያገኝ በሬ የለውም፣ የዘር እህል የለውም፣ ከአባቱ የወረሰው የእርሻ ልምድም የለውም። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ ምርቱን መካፈል ግድ ይሆንበታል። ለገበሬው ያልበቃ መሬት ለእርሱ በግማሽ ሲሆን ምን ያህል እንደሚያጠግብ መገመት አያስቸግርም። ሁለተኛም፣ በሰሜን ወሎ ደጋ መሬቱ በሕዝብ ብዛት እየተከፋፈለ ጠቧል፤ አፈሩም በጎርፍ ተሸርሽሯል። ሦስተኛ፣ በችግር ጊዜ ሰው የሚደገፈው በዘመድ፣ በጎረቤትና በዕድር ነው። ከጋብቻና ከማኅበር የተገለለ ቤተሰብ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ በሬ የሚያበድረው፣ እህል የሚያውሰው አማት ወይም ምራት በሌላ ወገን የለውም። ዘመዶቹ ሁሉ እንደ እርሱ ባለ እጆች ናቸው፤ አንዱ ሲቸገር ሌላውም አብሮ ይቸገራል።

ድርቅ ሲመጣም ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው ቤተሰብ ነው። ቀድሞ በገጠር ገበያ ሸክላ በብዙ ቦታ የሚለወጠው በገንዘብ ሳይሆን በእህል ነበር፤ ማሰሮው በሚይዘው እህል ልክ ይለወጥ ነበር። ገበሬው ጎተራ ባዶ ሲሆን አዲስ ድስት የሚገዛ ማን ነው? የእህል ዋጋ ሰማይ ሲወጣ የሸክላው ዋጋ መሬት ይወርዳል። አማርትያ ሴን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ መርምረው፣ ረሃብ የሚመጣው እህል ከአገር ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን ሰው እህል የመግዛት አቅም ሲያጣም መሆኑን አስረድተዋል። የሸክላ ሠሪዋ ቤት ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በ1977ቱ ረሃብም ወሎ ዳግመኛ ክፉኛ ተጎድቷል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በየዓመቱ የምግብ እጥረት ለሚገጥማቸው ቤተሰቦች በሥራ ምትክ እህል ወይም ገንዘብ እየሰጠ ብዙ ቤት ደግፏል። ነገር ግን ሴፍቲኔት ከረሃብ ያቆያል እንጂ ገበያ አይፈጥርም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ፣ ገበያው ተበትኖ፣ ወደ ላሊበላ የሚመጣው እንግዳም ቀርቶ ከርሟል። ዕለቱን ሸጦ ዕለቱን ለሚበላ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ሥራውን ራሱን እንመልከት። አንድ ምጣድ በገበያ ላይ ስናየው ቀላል ይመስለናል። ሠሪዋ ግን መጀመሪያ ተስማሚውን አፈር ፈልጋ፣ ቆፍራ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣለች። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ የመናድ አደጋ አለው፤ አፈሩ ያለበት መሬት የሌላ ሰው ሲሆን ደግሞ ክፍያ ወይም ጭቅጭቅ ይከተላል። አፈሩ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ከአሮጌ ሸክላ የተወቀጠ ገል ይቀላቀልበትና በውኃ ይለወሳል፤ በእግርና በእጅ ይታሻል። ከዚያ በኋላ ያለ ምንም መኪና፣ በእጅ ብቻ ቅርጽ ይይዛል። ፊቱ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል። በጥላ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ቢቸኮል ይሰነጠቃል። በመጨረሻም በኩበት፣ በጭራሮና በእንጨት ተሸፍኖ ይቃጠላል። በዚህ ጊዜ ነፋስ ቢነሣ ወይም ድንገት ዝናብ ቢጥል የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሰዓት ገል ይሆናል። የተረፈው በጀርባ ወይም በአህያ ገበያ ይወጣል። በመንገድ የተሰበረው ኪሳራው የእርሷ ነው።

በዚህ ላይ ማገዶው ተወድዷል። በደጋው ዛፍ ተመናምኖ የቀረው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባለቤት አለው፣ በገንዘብም ይሸጣል። ኩበቱም ለማዳበሪያ፣ ለማገዶ፣ ለሽያጭ ስለሚፈለግ በነጻ አይገኝም። ስለሆነም ዛሬ ሸክላ ሠሪዋ አፈሩንም ማገዶውንም ገዝታ፣ ከጀሪካንና ከብረት ድስት ጋር ትወዳደራለች። የእንስራና የጋን ገበያ ወድቋል። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው የአባቶች ተረት በእርሷ ቤት የዕለት ኑሮ ነው።

የባሎቻቸውም ሥራ እንዲሁ ተለውጧል። ቀጥቃጩ ዛሬም በወናፉ እሳቱን እያናፋ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይሠራል። ብረቱን የሚያገኘው ግን ከአሮጌ መኪና ሞላና ከቁርጥራጭ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣው ምሳርና ዶማ ገበያውን ይሻማዋል። ፋቂው ጥሬ ቆዳው ወደ ፋብሪካ ስለሚሄድ፣ የአልጋ ጠፍርና የቆዳ ስልቻም በሌላ ዕቃ ስለተተኩ፣ ሥራው ቀርቶበታል። ብዙ ወጣቶችም የአባታቸውን ስም ላለመሸከም ሲሉ ሙያውን ጥለው በከተማ የቀን ሥራ ይፈልጋሉ። በማያውቃቸው ከተማ ማንም «የእነ እገሌ ልጅ» ብሎ አይጠራቸውም። ይህ ለእነርሱ ነጻነት ነው። ነገር ግን ስማቸውን ደብቀው የሚያገኙት ነጻነት ሙያቸውን ይዞ ይጠፋል።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። በሕንድ አገር ዳሊት የሚባሉት ሕዝቦች ቆዳ በማልፋትና ቆሻሻ በማንሣት በመሳሰሉት ሥራዎች ተወስነው «የማይነኩ» እየተባሉ ለብዙ ዘመናት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ የዋለው የሕንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ይህን ልማድ ሽሯል። የአርቃቂው ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ዶክተር አምቤድካር ራሳቸው ከእነዚሁ ወገኖች የተወለዱ ነበሩ። ሆኖም በሕንድ ገጠር ዛሬም ብዙ ዳሊቶች መሬት የሌላቸው የቀን ሠራተኞች ናቸው። በአገራችንም በከፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ተመሳሳይ መገለል ሲደርስባቸው ኖሯል። ከሁሉም የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ በሩን ይከፍታል፣ ሰውን በበሩ የሚያስገባው ግን ገቢና የጎረቤት አቀባበል ነው።

ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ሩቅ ሳንሄድ እናገኛለን። በኮን የሚያልፈው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ከወረታ ሳይደርስ አውራምባ የሚባል መንደር አለ። ክቡር ዙምራ ኑሩ ከጓደኞቻቸው ጋር በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ መሬቱ ጥቂት በመሆኑ ኑሮውን በአብዛኛው በሽመና ላይ ጥሏል። በዚያ ሴቷም ሸማኔ ናት፤ ወንዱም ይፈትላል፣ ይጋግራል። ሥራ የወንድና የሴት፣ የክቡርና የወራዳ ተብሎ አይከፈልም። ሰዎቹ በአካባቢያቸው በጥርጣሬ የታዩበት፣ ከቀያቸው የተሰደዱበትም ጊዜ ነበር። ዛሬ ግን የሽመና ውጤታቸውን ለመግዛትና አኗኗራቸውን ለማየት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል። የእጅ ሥራ ራሱ የድህነት ምክንያት አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሚያደኸየው ሥራውን የከበበው ንቀትና የገበያው መጥበብ ነው።

ለሸክላውም ቢሆን አዲስ በር አለ። የከሰል ቆጣቢው «ላቀች» ምድጃ የውስጥ አካሉ ሸክላ ነው። ማገዶ ቆጣቢው «ጎንዝዬ» ምድጃም ከሸክላ የሚሠራ ነው። ለኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሆነው ሸክላም ሰፊ የከተማ ገበያ አለው። ሴቶቹ በማኅበር ተደራጅተው ማቃጠያውንና ማጓጓዣውን በጋራ ቢያደርጉ፣ ትርፉ በመካከል ለሚቆመው ነጋዴ ብቻ አይቀርም። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም በጋራ መሰጠቱም ለእነዚህ እናቶች ትልቅ ዋስትና ነው፤ ደብተሩ የእርሷም ስም ያለበት መሆኑን እያንዳንዷ ማወቅ ይገባታል።

እንግዲህ ወደ እኛ ወደ ከተማ እናቶች እንመለስ። ከእኛ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው በአፋችን ላይ ነው። ልጅ ሲያለቅስ «ዝም በል፣ ቡዳ ይበላሃል» የምትል እናት ልጇን ለጊዜው ዝም ታሰኝ ይሆናል፤ በልቡ ግን ለዘላለም የሚቆይ ፍርሃትና ጥላቻ ትዘራለች። ያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ የባለ እጅ ልጅ አጠገቡ ሲቀመጥ ይሸሻል። የተሸሸውም ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ገበታው ይቀራል። ሌላም ጉዳት አለው። ሕፃኑ ድንገት ሲያተኩሰው፣ ሲያንቀጠቅጠው ወይም ሲያስቀምጠው «ቡዳ በላው» ተብሎ በጢስ ሲታጠን የሚያልፈው ሰዓት የሕይወት ሰዓት ነው። ኃይለኛ ትኩሳት የወባ ወይም የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላል። ተቅማጥ የሰውነትን ውኃ ጨርሶ ሕፃን ይገድላል፤ መድኃኒቱም በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. ነው። ሰው በዓይኑ ሰው አይበላም። ልጃችሁ ሲታመም ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሁለተኛው በገበያ ላይ ነው። ምጣድ ስትገዙ በጣታችሁ አንኳኩታችሁ ድምፁን አድምጡ፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ በሚገባ የበሰለ ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ግን ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ቤት ስትወስዱትም በጎመን ዘር ደኅና አድርጋችሁ አሟሹት፤ ያን ጊዜ እንጀራው አይዝባችሁም፣ ምጣዱም ብዙ ዘመን ያገለግላችኋል። ጥሩ ዕቃ መምረጥ መብታችሁ ነው። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርነውን ድካም አስቡና ከሠሪዋ ጋር እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አትከራከሩ። በሱቅ የዋጋ ወረቀት ለተለጠፈበት ብረት ድስት የተጠየቅነውን ከፍለን እንወጣለን፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ለምትሸጠው እናት ሲሆን ግን ግማሽ እንጠራለን። ይህ ፍርድ አይደለም። ስትጠሯትም «አንቺ ሸክላ ሻጭ» ሳይሆን እንደ ዕድሜዋ «እማማ» ወይም «እኅቴ» በሏት። ልጃችሁ አብሯችሁ ካለ ይሰማችኋል።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ እርሱም በልጆቻችን ጋብቻ ላይ ነው። ስለ እኩልነት በስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። ልጁ የምትወደውን ወይም የሚወዳትን ሰው ይዞ ሲመጣ ግን «ዘራቸው ምንድን ነው?» ብሎ ሽማግሌ ወደ ገጠር የሚልክም ያው ሰው ነው። የባለ እጅ ቤተሰብ ልጅ ዲፕሎማ ይዛ፣ በመሥሪያ ቤት ተቀጥራ፣ በምግባሯ ተመስግና ሳለ እናቷ ሸክላ ሠሪ በመሆኗ ብቻ ጋብቻዋ ሲፈርስ ዝም ብላ የምታይ አማት የድሮውን ክብ በገዛ እጇ ዳግመኛ ትቋጥረዋለች። ከዘመድ ውጭ የቀረ ሰው ከርስትም፣ ከብድርም፣ ከድጋፍም ውጭ እንደቀረ ከዚህ በላይ አይተናል። ጋብቻው ሲከፈት ሌላውም በር ይከፈታል። በዚህ ጉዳይ ከአባቶች ይልቅ የእናቶች ቃል የሚሰማበት ቤት ብዙ ነው።

ውድ እናቶች፣ ከኮን ደጋ የሚነሣው የሸክላ ጭስ ከእኛ ማድ ቤት የራቀ ይመስለናል። ነገር ግን እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ሁሉ ከዚያ ጋር የተገናኘ ነው። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሙያውን የምትወርሰው አማራጭ ስላጣች ሳይሆን ወድዳ፣ በሚገባ ተከፍሏትና ተከብራ እንዲሆን፣ ካልፈለገችም እንደ እናንተ ልጆች ሌላ ሙያ እንድትመርጥ ማድረግ ይቻላል። በዚህ ሳምንት ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ምጣዱን እያሳያችሁ ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደሠራችውም ንገሯቸው። «ቡዳ» የሚለውን ቃልም ከዛሬ ጀምሮ ከቤታችሁ አስወጡት።